በመሬት መዝገብ የተፈለጉ አይሪሽ አባቶች፤ የጂን ስቲቨንሰን መጽሐፍ ሲመረመር

ቄስ ዊልያም ማርቲን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1772 ዓ.ም. ከአይርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ከአልስተር ተነሥተው፣ ስደተኞችን በአምስት መርከቦች አስከትለው ወደ ደቡብ ካሮላይና ተሻገሩ። ጂን ስቲቨንሰን በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት «የስኮች አይሪሾች ፍልሰት ወደ ደቡብ ካሮላይና፣ 1772» በተባለው መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች በየስማቸው ፈልገዋል፤ የፈለጉትም በዋናው በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤና በመሬት መዝገብ ነው። በ1922 ዓ.ም. በደብሊን የነበረው የመዛግብት ቤት በእርስ በርስ ጦርነት ሲቃጠል እጅግ ብዙ የኑዛዜና የአጥቢያ መዝገብ አመድ ሆኗልና፣ ተመራማሪ ከባሕር ማዶ በቆየው የመሬት መዝገብ ቢደገፍ አያስደንቅም። በእኛ አገር ባለርስት አባቱን ቆጥሮ መሬቱን ይጠይቅ ነበር፤ በዚህ ግን የልጅ ልጅ መሬቱን ቆጥሮ አባቱን ይጠይቃል።

ደራሲዋ ስሞቹን በየመርከባቸው መለየታቸው ትልቅ ውለታ ነው። የመዝገቡም ኀይል በስሌቱ ላይ ነው፤ ለቤተ ሰቡ አለቃ 100 ኤከር፣ አብረውት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 50 ኤከር ይሰጥ ስለ ነበር፣ 350 ኤከር የተፈቀደለት ሰው ከራሱ ሌላ አምስት ነፍስ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን አምስቱ ስም የላቸውም። ሚስት በ50 ኤከር ውስጥ ተሰውራ ትቀራለች፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ልጅ ደግሞ በራሱ ስም 100 ኤከር ስለሚያመለክት፣ ከአባቱ ጋር አንዳች ዝምድና እንደሌለው ባዕድ ሆኖ ይታያል። ይህን መለያየት የሚያቃናው የቀያሹ ካርታ ነው፤ ቀያሹ የወንዙንና የአዋሳኞቹን ስም ይጽፋልና፣ በማመልከቻው ገጽ የተበታተኑት በአንድ ጅረት ዳር ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ነው ማለት ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ በቃላቱ ላይ ነው። የ1761 ዓ.ም. ሕግ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ «ድኻ ፕሮቴስታንት» የመርከብ ዋጋ 4 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ይህ ገንዘብ በ1768 ዓ.ም. ቢቆምም፣ በማርቲን ጊዜ ድኽነቱን በመሐላ ያረጋገጠ ስደተኛ መሬቱን ያለ ክፍያ ያገኝ ነበር። ስለዚህ «ድኻ» እና «ፕሮቴስታንት» ዋጋ የሚያወጡ ቃላት ነበሩ፤ ካቶሊክ የሆነ አይሪሽ ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው። ጄኒ ሬቪል በ1939 ዓ.ም. ያሳተሙት ከ1763 እስከ 1773 ያለው ዝርዝር በርእሱ ላይ «ፕሮቴስታንት ስደተኞች» ብሎ ሲጠራቸው የጽሕፈት ቤቱን ቃል እንዳለ ተቀብሏል። ስቲቨንሰንም ከዚህ የራቁ አይደሉም፤ «ስኮች አይሪሽ» የሚለው ስም በኋለኛው ዘመን የተስፋፋ ሲሆን፣ ቃለ ጉባኤው ሰዎቹን ከአይርላንድ የመጡ ይላቸዋል። የማርቲን ምእመናን እምነት አያጠራጥርም፤ ያንኑ መርከብ የተሳፈሩት ሌሎች ግን ከዚህ ርእስ በታች ሁሉም አንድ ሕዝብ መስለው ይቀርባሉ።

ከዚህም ሌላ ፈቃድ መቀበልና የባለመብትነት ደብዳቤ ማውጣት አንድ አይደሉም። ከተፈቀደለት በኋላ የሞተ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ ሰው በዝርዝሩ ላይ ከባለመሬቱ እኩል ቆሞ ይታያል፤ የእርሱን ዱካ ለማግኘት ዝርዝሩን ትቶ፣ በግዛቱ ዋና ከተማ በኮሎምቢያ ባለው የመዛግብት ቤት ደብዳቤውንና የቀያሹን ካርታ ማስተያየት ያስፈልጋል።