ጥፋቱን ለዕጣ የተወ ፊልም

ማርክ ኒል ሞተር ሲወድቅ ማሳየት ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «ሂቲንግ ዘ ኤፔክስ» ዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ ተወዳዳሪው ኩርባው ላይ ተጋድሞ፣ ጉልበቱ አስፋልቱን እየታከከ ሲሄድ የፊት ጎማው በድንገት ይከዳዋል። ከዚያ ሰውና ብረት ተለያይተው ወደ ጠጠሩ ይንሸራተታሉ። ይህን ደጋግመን እናያለን፣ አይሰለችም። ተራኪው ብራድ ፒት ነው፤ ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮችም አንዱ እሱ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ፣ ምስሉ ያማረ፣ ሙዚቃው የሚያንቀሳቅስ ነው። ሆኖም ከ2 ሰዓት በላይ አስቀምጦን ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያሰናብተናል። ሁለት ሰዎች ተጋጭተው አንዱ ሲሰበር ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው ለሱሉልታ ሰው ሩቅ አይደለም። ከአዲሱ ገበያ ወጥቶ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ሞተር ላይ ለተቀመጠ ወጣት ፈተና ነው። ኩርባው ጋዝ ስጠኝ ይላል፣ ቁልቁለቱ ያግዛል፣ የዓለም የሞተር ውድድር የሆነው የሞቶ ጂፒ ቪዲዮ ደግሞ ከኪሱ ስልክ ውስጥ አለ። ተወዳዳሪዎቹ ሲጋደሙ አይቶ መጋደም የሚያምረው ልጅ የትኛውም ከተማ ውስጥ አይጠፋም። ስለዚህ ፊልሙን ያየሁት እንደ ስፖርት አፍቃሪ ብቻ ሳይሆን ያ ልጅ ከፊልሙ ምን ይዞ ይወጣል ብዬ ጭምር ነው።

ኒል ለዚህ ዓለም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 «ፋስተር»ን፣ በ2011 «ፋስተስት»ን ሠርቷል። በዚህኛው ስድስት ሰዎችን ይከተላል፦ ጣሊያናውያኑን ቫለንቲኖ ሮሲንና ማርኮ ሲሞንቼሊን፣ ስፔናውያኑን ሆርሄ ሎሬንሶን፣ ዳኒ ፔድሮሳንና ማርክ ማርኬዝን፣ አውስትራሊያዊውን ኬሲ ስቶነርን። ብርታቱ ሰውን ማቅረቡ ላይ ነው። ከሄልሜቱ ጥቁር መስታወት ጀርባ ያለው ፊት፣ ልጁን ከጋራዡ ሆኖ የሚያይ አባት፣ ተሸንፎ ዝም ያለ ወጣት ሁሉ በቅርብ ይታያሉ። ሞተር ወዶ የማያውቅ ሰው እንኳ ወንበሩን ጥሎ አይነሳም።

ችግሩ የሚጀምረው ፊልሙ ጀግንነትን ማድነቅ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆላንድ ውስጥ አሰን ላይ ሎሬንሶ ሐሙስ ዕለት በልምምድ ወድቆ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቱ ተሰበረ። ወደ ባርሴሎና በረረ፣ በቀዶ ሕክምና ብረት ተገጠመለት፣ ተመለሰ፣ ቅዳሜ ተወዳድሮ 5ኛ ወጣ። ፅናቱን አልክድም። ነገር ግን አንድ ሐኪም «ብቁ ነው» ብሎ ፈቅዶለታል፣ አንድ የውድድር አመራርም ተቀብሎታል። የተሰበረ ሰው ዳግም ቢወድቅ የሚወድቀው በራሱ አጥንት ላይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የሚመጣው ሰው ፊትም ላይ ነው። ፊልሙ ፈቃዱን የሰጡትን ሰዎች አስቀምጦ ቢጠይቃቸው ኖሮ ያ ክፍል ከአድናቆት አልፎ ጋዜጠኝነት ይሆን ነበር።

የፊልሙ ልብ ሴፓንግ ነው። ማሌዥያ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.።

እዚያ የሆነውን ለመረዳት የውድድር ሜዳ ደህንነት በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ ይጠቅማል። ሜዳው የሚሠራው የወደቀ ሰው ወደ ውጭ ይንሸራተታል በሚል ግምት ነው። ከኩርባው ውጭ ሰፊ አስፋልት ወይም ጠጠር ይተዋል፤ ጠጠሩ ሞተሩንም ሰውየውንም ያዘገያል፤ ከዚያ ወዲያ በአየር የተሞላ መከላከያ ግድግዳ ይቆማል። ይህ ሁሉ የመጣው በደም ነው። ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሱዙካ ላይ ከግድግዳ ተጋጭቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ፤ ሞቶ ጂፒ ወደ ሱዙካ አልተመለሰም። በዚያው ዘመን ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው የሚናገሩበት የደህንነት ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሜዳዎቹ ሰፉ፣ ግድግዳዎቹ ራቁ።

ሲሞንቼሊ የሞተው ግን ግድግዳ አጠገብ አይደለም። ውድድሩ በተጀመረ በሁለተኛው ዙር 11ኛው ኩርባ ላይ የፊት ጎማው ከዳው። እንደ ደንቡ ቢሆን ወደ ውጭ መንሸራተት ነበረበት። እሱ ግን ሞተሩን አልለቀቀም፤ ጎማው መልሶ አስፋልቱን ነከሰና ሞተሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሜዳውን ወርድ አቋረጠ። ከኋላ የነበሩት ኮሊን ኤድዋርድስና ሮሲ የሚያመልጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። የሲሞንቼሊ ሄልሜት ከራሱ ወጣ። 24 ዓመቱ ነበር። ሮሲ ጓደኛው ነው፣ አባቱም ያን ቀን እዚያው ሜዳ ነበር።

ይህ አደጋ የሜዳን ጥበብ ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ጠጠሩ ቢሰፋ፣ ግድግዳው አንድ ኪሎ ሜትር ቢርቅ አያድነውም ነበር፤ ምክንያቱም የገደለው ከሜዳው ዳር የነበረ ነገር ሳይሆን እየተወዳደረ የነበረ ሌላ ሰው ነው። የኒል ካሜራ እዚህ ላይ ጨዋ ነው፤ ሐዘኑን አይነግድበትም። የማልስማማው ከዚያ በፊት ባለው አሰላለፍ ነው።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ፖርቱጋል ኤስቶሪል ላይ በተደረገ ጋዜጣዊ መግለጫ ሎሬንሶ ሲሞንቼሊን አነዳድህ አደገኛ ነው ብሎ ፊት ለፊት ነግሮት ነበር። ወደፊት አንድ ነገር ቢደርስ ችግር ይሆናል አለው። ሲሞንቼሊ እንግዲያው ያስሩኛል ብሎ ቀለደ፣ አዳራሹም ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳይ ሌማን ላይ ፔድሮሳን ከውጭ በኩል ቀድሞ ሲዘጋበት ተነካኩና ፔድሮሳ ወድቆ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቱ ተሰበረ፤ ሲሞንቼሊ ተቀጣ። እነዚህን ነገሮች ከሴፓንግ በፊት ደርድሮ የሚያይ ሰው ሞቱን የትንቢት መፈጸሚያ አድርጎ መውሰዱ አይቀርም። ትክክል አይደለም። ሴፓንግ ላይ ሲሞንቼሊ ማንንም አልዘጋም፣ ማንንም አልገፋም። ጎማው ከዳው፤ በቃ። ሌማን ላይ ጥፋተኛ የሆነ ሰው ሴፓንግም ላይ ጥፋተኛ ነው ማለት አይቻልም። ጥፋት በድርጊት ይመዘናል እንጂ በስም አይመዘንም። ፊልሙ ይህን ልዩነት በግልጽ አለመናገሩ ለሟቹ በደል ነው።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው ሴፓንግ፣ በዚያው ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ማርኬዝ ከሞቶ ጂፒ በታች ባለው የሞቶ 2 ልምምድ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የረጠበ ቦታ ላይ ወድቆ ነበር። አስፋልቱ መርጠቡን የሚያስጠነቅቅ ባንዲራ አልተውለበለበም። ዓይኑ ተጎድቶ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይታየው ጀመር፤ የዓመቱን ቀሪ ውድድሮች አጣ፣ ዋንጫውም አመለጠው፣ በቀጣዩ ጥር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሁለት ቀን ልዩነት በአንድ ሜዳ ሁለት አደጋ ደረሰ። አንዱ ባንዲራ የያዘው ሰው ሥራውን ባለመሥራቱ የመጣ፣ ሌላው ማንም ሊከሰስበት የማይችል። ለኔ ከዚህ የተሻለ የፊልም አጥንት አልነበረም። ኒል ግን ሁለቱንም ዕጣ ፈንታ በሚባል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው፤ የማርኬዝ የመመለስ ተአምር፣ የሲሞንቼሊ የመሄድ ሐዘን።

እዚህ ላይ የአገራችን ሕግ ከፊልሙ ይበልጥ አስተዋይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068 ስለ ስፖርት ይናገራል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስፖርት ላይ ያለ ሰው አብሮት የሚወዳደረውን ወይም ተመልካቹን ቢጎዳ ኃላፊ የሚሆነው ተንኮል ከሠራ ወይም የስፖርቱን ደንብ ከባድ በሆነ አኳኋን ከጣሰ ብቻ ነው። ይህን ሚዛን ይዘን ሴፓንግ ላይ ብንቆም ሮሲም ኤድዋርድስም ነፃ ናቸው። ሌማን ላይ ብንቆም ክርክር ይነሳል፤ ደንብ ተጥሷል፣ ከባድ ነው ወይ?

ሚዛኑን በደንብ የሚፈትነው አራጎን ነው። መስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ማርኬዝ ኩርባ መግቢያ ላይ ፍሬን ዘግይቶበት የፔድሮሳን የኋላ ጎን ነካው። ንኪኪው ትንሽ ነበር፤ ፔድሮሳ ወዲያው አልወደቀም። ነገር ግን የኋላውን ጎማ ፍጥነት ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ቀጭን ሽቦ ተበጠሰ። ኮምፒውተሩ ጎማው መንሸራተቱን ማወቅ አቆመ። ፔድሮሳ ከኩርባው ሊወጣ ጋዝ ሲከፍት የሚገታው ነገር ስላልነበረ የኋላ ጎማው ተሽከረከረ፣ ሰውየውንም ወደ ላይ ወረወረው። ማርኬዝ ያን ቀን አሸነፈ። የውድድሩ አመራር ጉዳዩን መርምሮ ለማርኬዝ 1 የቅጣት ነጥብ ሰጠው፤ ሽቦውን ያለመከላከያ አጋልጦ ያስቀመጠውን ሆንዳን ደግሞ ከአምራቾች ሰንጠረዥ 25 ነጥብ ቀነሰበት። ጥፋት እንዲህ ነው የሚከፋፈለው። ጥቂቱ ለነካው፣ ብዙው ሞተሩን ለሠራው። ለ2013ቱ የውድድር ዘመን ያን ያህል ሰፊ ቦታ የሰጠ ፊልም የዳኞቹን ክፍል በር ከፍቶ ይህ ውሳኔ እንዴት እንደተደረሰበት አለማሳየቱ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ባንዲራ የሚያውለበልበው ሰው፣ ኢንጂነሩ፣ ሐኪሙ፣ ዳኛው በዚህ ፊልም ውስጥ ጥላ ናቸው።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። ከተማዋ ስለ ውድድር ሜዳ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም የሠራባት፣ አትሌቶች በየጠዋቱ ሜዳዋን የሚያቋርጡባት ናት። አንድ ሯጭ ሌላውን ገፍቶ ቢጥል ከውድድር እንደሚሰረዝ እዚህ ሕፃኑም ያውቃል። ሞተረኛው የሚሮጠው ግን መም ላይ አይደለም። ከሙገርና ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ሽቅብ እያቃሰተ ይመጣል፤ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚለው እሱን ነው። ሞተረኛው ኩርባ ላይ ደርቦ ሲወጣ ከመንገዱ ዳር የሚጠብቀው ጠጠር አይደለም፤ ቦይ ነው፣ ወተት የጫነች አህያ ናት፣ ታክሲ የምትጠብቅ ተማሪ ናት። ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ይነዳል፤ ትራፊክ ሲያይ ራሱ ላይ ያደርገዋል፣ ማሰሪያውን ግን አያስርም። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ጭራሽ የለውም። የሲሞንቼሊ ሄልሜት እንኳ ከራሱ ወጥቷል።

ሕጉም እዚህ ፊቱን ይቀይራል። በሜዳ ላይ የሚያገለግለው ቁጥር 2068 በአስፋልት ላይ አይሠራም። ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ይኑር አይኑር አይጠይቅም፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ አያመልጥም፤ መሰረቁን ካላስረዳ በቀር። ሁለት ተሽከርካሪዎች ቢጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ቆጥሮ ኪሳራውን እኩል ያካፍላል፤ አንደኛው አሽከርካሪ ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ካልተረጋገጠ። አባቱን አስለቅሶ ሞተር ያስገዛ ልጅ ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር፤ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው አባትየው ነውና። ኃላፊነትን ማከፋፈል እኛንም ከብዶናል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ስታግድ፣ በኋላም በፈቃድ ስትመልስ፣ ጎልቶ የተነገረው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስለ ግጭትና ስለ አነዳድ የተባለው ጥቂት ነው።

ፊልሙ ለዕይታ በበቃ በሁለት ወር ውስጥ የሸሸው ጥያቄ ራሱ መጣ። ጥቅምት 25 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በዚያው ሴፓንግ ሮሲና ማርኬዝ ሲተናነቁ ሮሲ ፍጥነቱን ቀንሶ ማርኬዝን ወደ ዳር ገፋው፣ ተነካኩ፣ ማርኬዝ ወደቀ። ሮሲ 3 የቅጣት ነጥብ ተሰጠው፤ ከቀድሞው ጋር ተደምሮ 4 ሞላና የመጨረሻውን ውድድር ከሁሉም ኋላ እንዲጀምር ተገደደ። ዋንጫውን ሎሬንሶ ወሰደ። ኒል ከዳኞቹ ጋር ቀድሞ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ያን ውሳኔ ለመረዳት የመጀመሪያው መማሪያ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ብያኔዬ ይህ ነው። «ሂቲንግ ዘ ኤፔክስ» እንደ ምስል ከምርጦቹ አንዱ ነው፣ እንደ ምርመራ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ልጅ ያለው ሰው ፊልሙን አብሮት ይየው፤ የሴፓንጉን ክፍል አያሳልፍበት፤ ሲያልቅ ደግሞ ሊብሬውን አውጥቶ በማን ስም እንደሆነ ያሳየው፣ ቁጥር 2081ንም ያንብብለት።