ጭረቱን እንጂ ጠመንጃውን አትንካ

ሰሞኑን አንድ ወጣት በቤቱ ራሱ የገጣጠመውን ኤአር 15 ጠመንጃ ይዞልኝ መጣ። በግራ ጎኑ ያለችውን ትንሽ ፒን በመዶሻ ሲያስገባ መምቻው አዳልጦት ጥቁሩ ገላ ላይ ነጭ መስመር ጥሎበታል። «ጋሼ፣ ሙሉውን አስልጬ ሴራኮት የሚባለውን ቀለም ላስረጨው?» አለኝ። ጓደኞቹ የመከሩት ይህንኑ ነው። ብዙ የጠመንጃ ጥገና ሙያ ባልደረቦቼም ይህንኑ ይመክሩታል። እኔ አልመክርም። ለአንዲት ጭረት ሙሉ ጠመንጃ መግፈፍ ጥጋብ ነው።

የዚያ ጠመንጃ ገላ አሉሚኒየም ነው። ጥቁሩ ሽፋን እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ የተለቀለቀ አይደለም። አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከራሱ ከአሉሚኒየሙ የበቀለ ነው፤ ሃርድ አኖዳይዝ ይባላል። ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ግማሹ ወደ ውስጥ የሰረገ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያደገ ነው። ሲጫር ብቅ የሚለው ነጩ አሉሚኒየም፣ አየር ሲነካው ወዲያው የራሱን ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለች ጭረት የምትጎዳው ዓይንን ብቻ ነው። ለዓይን ብሎ ያን የመሰለ ሽፋን በአሸዋ ማስቧጠጥ ምን ይሉታል?

የኔ መንገድ ትንሽ ናት፤ ድካሙ ያለው ማጽዳቱ ላይ ነው። የስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ አሴቶን ነክሬ፣ ጭረቷን ብቻ እጠርጋለሁ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እደግመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጣት አይነካትም፤ የጣት ወዝ ካረፈባት ቀለሙ ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ቀጥዬ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀውን ማጥቆሪያ በሌላ ስንጥር ጫፍ አንስቼ ጭረቷ ውስጥ አኖራለሁ፤ ጠርዟን ማለፍ የለበትም። ጠብቄ በውሃ አጥቤ አያለሁ፣ ከሳሳ እደግማለሁ።

አፈሙዙ ብረት ስለሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ብሉ የሚሉት ፈሳሽ ሴሊኒየምና መዳብ አለበት። ብረቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ ሳደርገው ቀለሙን በደንብ ይይዛል። ከታጠበ በኋላ ዘይት ካልጠጣ ግን ይዝጋል። ሴሊኒየም መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት አልነካውም። የብረቱን ፈሳሽ ለአሉሚኒየም ማዋል ትርፉ ድካም ነው። በማርከር የሚያጠቁሩም አሉ፤ እሱማ ጠመንጃው በተወለወለ ቁጥር ታጥቦ ይሄዳል።

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ውጅግራውም፣ ቤልጅጉም፣ የጣሊያኑ ካርካኖም። አንድ ሰው ከነዚህ አንዱን ቤልጅግ አምጥቶ እንደ አዲስ አድርግልኝ አለኝ። የተሠራው ቤልጂግ አገር፣ ሄርስታል ነው። ሰደፉ ላይ በቅርቡ የተጫረ ነገር ነበረው። ከጭረቱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሆነ ሰው በጩቤ የቀረጻት፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ መስቀል አለች። ጠርዟ በእጅ ብዛት ልሟል፣ ስንጥቋ ውስጥ የቆየ ቅባት ጠቁሮ ተቀምጧል። ሰውየው የፈለገው በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ እንዲል ነበር። መስቀሏም አብራ ትሄድ ነበር፤ እንቢ አልኩት። አዲሱን ጭረት ብቻ በተልባ ዘይት፣ በአውራ ጣቴ እስኪሞቅ እያሸሁ፣ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ አጠገብኩት። (ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ አይጣል፤ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ተዘርግቶ ይድረቅ።)

ያቺን መስቀል የቀረጻት ማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ግን ባደግሁበት አገር ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነገር ነው። አባቴ የሱን በቅቤ ሲወለውል ማንገቻው የፋቀውን ቦታ ለይቶ ያውቀው ነበር፤ የት ዘመቻ እንደተፋቀም ይነግረናል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የሚገጥመኝ ምክር ሁሉ አሮጌውን ጥለህ በአዲስ ጀምር የሚል ነው፤ ስለ ዕቃም፣ ስለ ሥራም፣ ስለ ራሴም። እኔ በዚህ ሙያ ላይ የተጣበቅሁት የዚህን ተቃራኒ በየቀኑ ስለምሠራበት ነው። የተጎዳውን ታክማለህ፣ ደህናውን ትተዋለህ። ሰው ሆኜ ከአገር አገር ስሻገር ያጸናኝም ይኸው ነው።

በኔ መንገድ የተጠገነ ጭረት በፀሐይ አዘንብሎ ላየው ይታያል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩብኝ አሉ። እኔ ግን በገዛ እጁ ጠመንጃ የገጣጠመ ሰው በእጁ ምልክት ማፈር አለበት ብዬ አላምንም። ሙሉውን ልጠህ ቀባልኝ ለሚለኝ መልሴ ወደፊትም እንቢ ነው።