ፕሮሰሰሮችን የመቀስቀስ ጥበብ

ባለ ብዙ ፕሮሰሰር የኢንቴል ኮምፒውተር ሲበራ ሁሉም እኩል ሥራ አይጀምሩም። አንዱ ተመርጦ ከርነሉን ያስነሳል፤ ሌሎቹ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አጠራሩ ነው። የነቃው ፕሮሰሰር መጀመሪያ እንደ አዲስ የሚያሰናዳቸውን ምልክት፣ ቀጥሎ የመነሻውን ምልክት ይልካል። ይህ ሁለተኛው ምልክት ኮዱ ያለበትን የሜሞሪ ገጽ የሚጠቁመው በ8 ቢት ብቻ ስለሆነ መነሻው ከመጀመሪያው 1 ሜጋባይት አያልፍም። ተጠሪውም፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እንደወጣው 8086 ፕሮሰሰር በ16 ቢት ነው የሚነሳው! ከርነሉ አስቀድሞ ያስቀመጠለት አጭር ኮድ ወደ 32፣ ከዚያም ወደ 64 ቢት ያሻግረዋል። ከዚህ ኮድ የበለጠ ቁጥብ ፕሮግራም ብዙም አላየሁም።

ሂደቱን ማንበብ ለሚሻ የኤምአይቲን የማስተማሪያ ከርነል፣ የኤክስቪ6ን የቀድሞ የኤክስ86 ቅጂ እመክራለሁ። ዋናው ፕሮሰሰር ለእያንዳንዱ የየራሱን ስታክ አዘጋጅቶ ይጠራዋል፤ መነሳቱን የሚያበስር ምልክት ሜሞሪ ላይ ሳያይ ወደ ቀጣዩ አይሄድም። የየራሱ ስታክ ያስፈለገው ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድ ስታክ ቢጋሩ አንዱ የሌላውን መረጃ ስለሚያጠፋ ነው። ሊኑክስም በኤክስ86 ላይ ለረጅም ጊዜ አንድ በአንድ ይቀሰቅስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 6.5 ቅጂው ግን ጎን ለጎን ማስነሳት ጀመረ።