ቀዳሚው ታሪክ ሲተረክ

ጉም በለበሰው የዲንሾ ደጋ ተቀምጦ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» (1847 እ.ኤ.አ.) የሚያነብ ሰው፣ በፎቁ ላይ የተቆለፈባትን ሴት እንደ ጭራቅ ይፈራት ይሆናል። ዣን ሪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር» ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የዚህችኑ ሴት ልጅነት በጃማይካ ያሳየናል። ስሟ አንቷኔት ነበር፤ «በርታ» ያላት ባሏ ነው። ያደገችበትን ቤት ነፃ የወጡ ባሮች ሲያቃጥሉት በዐይኗ አይታለች። ስለዚህ የመጨረሻው ቃጠሎ የእብደት ሥራ ብቻ መሆኑ ይቀርና የቀድሞው እሳት ማስተጋቢያ ይሆንብናል።

የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ይህን ተግባር ለሌላ ደራሲ አልተዉም፤ ከበዛብህ አስቀድመው ወላጆቹን ተረኩ። የብፅአቱን ሸክም ያላየ አንባቢ የልጁን ፍርሃት ወኔ ቢስነት ባለው ነበር። እንግዲህ ቀዳሚ ታሪክ የሚመዘነው፣ ቸኩለን የሰጠነውን ፍርድ እንደገና እንድንመረምር በማስገደዱ ነው።