የሐሰት ታማሚን ፍለጋ፦ «የተሰረቀ ጀግንነት» የተሰኘው መጽሐፍና የፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ምርመራ ፈተና

በራጅ የማይታይ፣ በደም ምርመራ የማይገኝ ሕመም ሐኪሙን ለሁለት ስሕተቶች ያጋልጠዋል። አንደኛው ያልታመመውን ታሟል ብሎ መመስከር ሲሆን ሁለተኛው የታመመውን ሰው አስመሳይ ነህ ብሎ መመለስ ነው። ከአሰቃቂ ድርጊት በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ጭንቀት ሕመም፣ በአጭሩ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ.፣ ከሌሎች ሕመሞች ይልቅ ለሁለቱም ስሕተቶች በር ይከፍታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ ሕመሙን ሲመዘግብ መንስኤውን ከመስፈርቱ ውስጥ አካትቶታል። ለመታመም የሚያሰቅቅ ድርጊት መድረስ ነበረበት። መንስኤ በተጠቀሰበት ቦታ ደግሞ ኃላፊነት ይከተላል፤ ኃላፊነት ባለበትም ካሣ ይጠየቃል። ካሣ በሚጠየቅበት ስፍራ ሐሰት መኖሩ የሚያስገርም አይደለም። ጥያቄው ሐሰቱ ምን ያህል ነው፣ የሚለየውስ በምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከሙያው ውጪ ላለው አንባቢ ጭምር ያደረሰው በ1998 በአሜሪካ የታተመው «ስቶለን ቬይለር» ወይም «የተሰረቀ ጀግንነት» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዎቹ የቬትናም ጦርነት ዘማች የነበረው ቢ. ጂ. በርኬት እና ጋዜጠኛዋ ግሌና ዊትሊ ናቸው። በርኬት በቴክሳስ ለቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ሕዝቡ ዘማቹን የሚያውቀው በዕፅ ሱሰኝነት፣ በወንጀለኝነትና በአእምሮ ሕመም መሆኑን ተረዳ። ከዚያም በመንግሥት የመረጃ ነጻነት ሕግ እየተጠቀመ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ስለ ጦርነት ሰቆቃቸው የተናገሩ ሰዎችን የአገልግሎት ማኅደር መመርመር ጀመረ። ብዙዎቹ የተናገሩለትን ውጊያ አላዩም፤ አንዳንዶቹ ቬትናምን አልረገጡም፤ የውትድርና ልብስ ለብሰው የማያውቁም ተገኝተውባቸዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት እዚህ ላይ ነው። በርኬት በሰው ፊት ላይ ሐሰትን አልፈለገም። ወደ መዝገብ ቤት ሄደ እንጂ። በሥነ አእምሮ ሕክምና ዘንድ ታማሚው የነገረውን የሕይወት ታሪክ ሳያጣሩ መቀበል የተለመደ አሠራር ነበር። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል፤ የጻፈው የሕክምና ማስረጃ ይሆናል፤ ማስረጃው ወደ ጥናት ይገባል፤ ጥናቱም መልሶ ቀጣዩን ሐኪም ያሳምናል። መጽሐፉ ይህን ሰንሰለት አንድ ሰው በጥቂት ደብዳቤዎች ሊበጥሰው እንደሚችል አሳይቷል። ለሙያው ባለቤቶች አሳፋሪ ቢሆንም ትክክለኛ ትምህርት ነው።

በ2005 በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት የወጣው የክሪስቶፈር ፍሩና የባልደረቦቹ ጥናትም በከፊል የበርኬትን ጥርጣሬ ያጠናክራል። አጥኚዎቹ በውጊያ ምክንያት ታመምን ብለው ለሕክምና የመጡ 100 የቀድሞ ወታደሮችን ማኅደር አስመጥተው አነጻጸሩ። 93 በመቶ የሚሆኑት በቬትናም ማገልገላቸው ተረጋገጠ። በውጊያ መሳተፋቸውን የሚያሳይ ተጨባጭ ማስረጃ የተገኘላቸው ግን 41 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስበት መደምደሚያ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ነው። በመጀመሪያ፣ በጋዜጣ ታሪኩን ሊያወራ የወጣ ሰው በክሊኒክ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው ጋር አንድ አይደለም። ዝና ፈላጊዎችን ብቻ መርምሮ ስለ ታማሚዎች ሁሉ መፍረድ የናሙና ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ በማኅደር ያልተጻፈ ነገር አልተፈጸመም ማለት አይደለም። የወታደር ማኅደር ሜዳልያን፣ ሹመትንና የሥራ መደብን ይመዘግባል። የስንቅ መኪና ሲያሽከረክር ፈንጂ የፈነዳበትን ወይም ሬሳ ሲያነሣ የከረመውን ሰው ሌሊት ግን አይመዘግብም። ሦስተኛና ዋነኛው ደግሞ፣ ስለ ጀግንነቱ የዋሸ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ከእውነተኛ ስቃዩ ላይ ያልሠራውን ጀብዱ ሊጨምርበት ይችላል። ማጋነን ራሱ አንዳንድ ጊዜ «አልሰማ ያሉኝ ይስሙኝ» የማለት መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ ለመጽሐፉ ብርቱ መልስ የሰጠው በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው የብሩስ ዶረንዌንድና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በ1980ዎቹ የተካሄደው ብሔራዊ የቬትናም ዘማቾች ጥናት ከዘማቾቹ ወደ 30 በመቶ የሚጠጉት በሕይወት ዘመናቸው በሕመሙ ተይዘዋል ማለቱን በርኬት በጽኑ ነቅፎ ነበር። እነ ዶረንዌንድ ያንኑ መረጃ ከወታደራዊ መዛግብትና ከሌሎች የታሪክ ምንጮች ጋር አገናዝበው እንደገና ሲመዝኑት ቁጥሩ ወደ 18.7 በመቶ ወረደ። በጥናቱ ወቅት በሕመሙ ላይ የነበሩት ደግሞ 9.1 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ቁጥሩ ተጋንኗል የሚለው ክስ እውነት ነበረበት። የመጋነኑ ምክንያት ግን በርኬት እንዳለው የዘማቾቹ ውሸት አልነበረም፤ አጥኚዎቹ ያገኙት የማጭበርበር ምልክት በጣም ጥቂት ነው። ውጊያው በበረታ ቁጥር ሕመሙም መብዛቱን መዝገቡ ራሱ መሰከረ። ያው የበርኬት ዘዴ በጥንቃቄ ሲሠራበት ከበርኬት የተለየ ውጤት ሰጠ።

መንግሥትም ተመሳሳይ ትምህርት ቀስሟል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ በ2005 ባወጣው ዘገባ፣ በዚህ ሕመም ካሣ የሚከፈላቸው ሰዎች ከ1999 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ከ120,265 ወደ 215,871 ማደጋቸውን፣ ክፍያውም ከ1.72 ቢሊዮን ወደ 4.28 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን ገለጸ። ከተመረመሩት 2,100 መዝገቦች ሩብ በሚሆኑት ውስጥ ለሕመሙ መንስኤ የተባለው ድርጊት በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ነበር። መሥሪያ ቤቱ 72,000 መዝገቦችን እንደገና ሊመረምር ከተነሣ በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ውጥኑን ሰረዘው። መዝገቦቹ ሲታዩ የተገኘው ችግር የወረቀት መጓደል እንጂ ማጭበርበር አልነበረምና። የጎደለው ወረቀት የባለ ጉዳዩ ሳይሆን በአብዛኛው የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት መሆኑ ነው።

በ2007 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያወጣው ዘገባ የችግሩን ሥር ይበልጥ ያጠራዋል። በአግባቡ ቢሠራ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ የሚችለው ምርመራ አንዳንድ ጊዜ በ20 ደቂቃ እንዲያልቅ ሐኪሞች ግፊት ይደረግባቸው እንደነበር ዘገባው ጠቅሷል። በ20 ደቂቃ ውስጥ አስመሳዩም እውነተኛውም አይታወቅም። በዚህ ሁኔታ የሚሰጥ ፍርድ፣ «አዎ» ቢሆን «አይደለም»፣ ከግምት አያልፍም።

የማስመሰል ምልክት ተብለው የሚጠቀሱትም ቢሆኑ ጥንቃቄ ይሻሉ። የታሪክ መለዋወጥን እንውሰድ። ስቲቨን ሳውዝዊክና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ 59 ወታደሮችን በተመለሱ በአንድ ወርና በሁለት ዓመት ስለ ደረሰባቸው ነገር ጠየቋቸው። 88 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ መልስ ለውጠዋል። በመጀመሪያ ያላነሡትን በኋላ ያነሡ አሉ፤ በመጀመሪያ የተናገሩትን በኋላ የተዉም አሉ። እነዚህን ሁሉ ሐሰተኞች ማለት አይቻልም። የአሰቃቂ ነገር ትዝታ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጦ የሚቆይ አይደለም። እንዲሁም በሥነ ልቦና መጠይቆች ላይ ማጋነንን ለመለየት የተዘጋጁ መለኪያዎች ከፍ ብለው ሲገኙ፣ ታማሚው አጋንኗል ማለትም ይሆናል፣ በብዙ ሕመም ተደራርቦ ተጨንቋል ማለትም ይሆናል። መለኪያው ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ጥርጣሬ ብቻውን ሲነግሥ ምን እንደሚያስከፍል ታሪክ ያሳያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጦር ከግንባር በመሸሽ፣ በፈሪነትና በመሰል ወንጀሎች የረሸናቸው 306 ወታደሮች ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው። ከእነርሱ መካከል ዛሬ ሕሙማን ይባሉ የነበሩ እንደሚገኙባቸው ይታመናል። ካሣን ያለ አግባብ የወሰደ ሰው የሕዝብ ገንዘብ ይወስዳል፤ ያለ አግባብ አስመሳይ የተባለ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይመዝኑም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2001 የታተመ የአራት አገሮች ጥናት ከጦርነትና ከግጭት ተራፊዎች መካከል በኢትዮጵያ 15.8 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። ከዚያ ወዲህም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት ብዙዎችን ለሰቆቃ ዳርጓል። ነገር ግን በአብዛኛው ክሊኒክ የሚታየው ችግር በአሜሪካ ካለው ተቃራኒ ነው። ካሣ የሌለበት ታማሚ ለማጋነን ምክንያት የለውም፤ ለመደበቅ ግን ብዙ ምክንያት አለው። «አብዷል» መባልን የሚፈራ፣ ወይም የተደፈረችና ትዳሬ ይፈርሳል ብላ የምትሰጋ፣ ራስ ምታትና የሆድ ቃጠሎ ነው ብሎ ይመጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ቢባልም መደበቁ ቀጥሏል። በዚህ ስፍራ የጥርጣሬን መጽሐፍ ብቻ አንብቦ የተቀመጠ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ሳያይ ይቀራል።

የተለየው ሁኔታ የሐኪም ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ለፍርድ ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ በውጭ አገር ለሚገኝ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ለጥገኝነት ማመልከቻ የሚጻፍ ማስረጃ ከሕክምና ካርድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያግዝ መመሪያ አለ። በ1999 ተዘጋጅቶ በ2022 የተሻሻለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ሐኪሙ «ይህ ሰው እውነት ተናግሯል» ብሎ እንዲምል አይጠይቀውም። የሚጠይቀው የተገኘው ምልክት ከተነገረው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም፣ ፈጽሞ ከማይጣጣም አንሥቶ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እስከማይችል ድረስ፣ በደረጃ እንዲገልጽ ነው። ይህ አነጋገር ሐኪሙን ከዳኝነት ወንበር አውርዶ ወደ ሙያው ይመልሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የአሠራር ትምህርት ግልጽ ነው። ሲቻል የሚያክመው ሐኪምና ለካሣ የሚመረምረው ሐኪም አንድ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ታማሚው ሐኪሙን እንደ ዳኛ ካየው ሁሉን አይነግረውምና። የሕመም ምልክቶችን ዝርዝር እያነበቡ «ይህ አለብህ?» ማለት ለአስመሳይ መልሱን ማቀበል፣ ለእውነተኛው ታማሚ ደግሞ ቃሉን መንጠቅ ነው። ይልቁንም «ሌሊቱን እንዴት ታሳልፋለህ?» ብሎ ጀምሮ በራሱ አንደበት እንዲተርክ ማድረግ፣ ምሳሌ መጠየቅ፣ የዕለት ኑሮው እንዴት እንደተጎዳ ማየት ይገባል። ታማሚው ሲፈቅድ ከቤተሰብና ከመዝገብ ማረጋገጥ ጥርጣሬ ሳይሆን ሙያዊ ግዴታ ነው። ያልተረጋገጠውን «አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍም «ሐሰት ነው» ከማለት የተለየ መሆኑን መጠበቅ ያሻል።

አሜሪካም በመጨረሻ ያዘነበለችው ወደዚህ ነው። በ2010 በወጣው ደንብ፣ ዘማቹ በጠላት ጥቃት ስጋት ውስጥ ማለፉን ከተናገረና የአገልግሎቱ ቦታና ሁኔታ ከተናገረው ጋር ከተስማማ፣ የመሥሪያ ቤቱም ባለሙያ ካረጋገጠለት፣ እያንዳንዱን ድርጊት በወረቀት እንዲያስመሰክር መጠየቁ ቀረ። ይህ ለሐሰት ጥቂት በር እንደሚከፍት ይታወቃል። ሆኖም የተመረጠው ትንሹ ስሕተት ነው።

«የተሰረቀ ጀግንነት» መነበብ ያለበት መጽሐፍ ነው። የሚነበበው ግን መዝገብን ስለ ማገላበጥ ባስተማረው እንጂ በታማሚው ላይ ስላሳደረው ጥርጣሬ መሆን የለበትም። በርኬት የተቆረቆረው ክብራቸው በአስመሳዮች ለተነጠቀ እውነተኛ ዘማቾች ነበር። እውነተኛው ታማሚም በአስመሳዩ ምክንያት ሳይታመን ከቀረ፣ የተሰረቀው ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰረቀ ማለት ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሌባው ነጭ ጋውን ለብሷል።