«ሀብታም» የተባለው ሞተር
ስለ አንድ የጥገና መመሪያ ረቂቅ ትርጉም የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የጥገና መመሪያ ረቂቅ በቃላት አመራረጡ ላይ አስተያየት እንድሰጥበት ቀርቦልኝ ነበር። መመሪያው በአሜሪካ ለተሠሩ፣ በቤንዚን ለሚንቀሳቀሱና ነዳጃቸው በኮምፒዩተር ትእዛዝ በኢንጀክተር ለሚረጭ ፒካፖች የተዘጋጀ ነው። እዚህ የምመለከተው ምዕራፍ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ሲወስድ ምክንያቱ እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ የሚያስተምረውን ነው። የተርጓሚው ትጋት በየገጹ ይታያል፤ የዘለሉት አንቀጽ የለም፤ አማርኛቸውም የተቃና ነው። ይሁንና ምዕራፉን አምኖ ሥራ የሚጀምር ሠልጣኝ ጤነኛውን ዕቃ ፈትቶ ይጥላል፤ የተበላሸውን ትቶት ያልፋል። ለዚህ ምክንያቱ ቃላቱ በሁለት ዓምድ ዝርዝር አንድ በአንድ ከተተኩ በኋላ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይፈተኑ መቅረታቸው ነው።

ከርእሱ እንጀምር። እንግሊዝኛው «ትራክ» ያለውን ትርጉሙ «የጭነት መኪና» ብሎታል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቃሉ ፒካፕን ጭምር ይይዛል፤ በእኛ አገር ግን «የጭነት መኪና» ሲባል በአንባቢው ዓይነ ልቡና የሚመጣው በናፍጣ የሚሠራው ትልቁ መኪና ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የናፍጣ ሞተር ኃይሉ የሚመጠነው በሚረጨው ነዳጅ ልክ ስለሆነ፣ ዘወትር ለማለት በሚቻል ሁኔታ ትርፍ አየር አለው። የቤንዚን ሞተር ግን አየርና ነዳጅ በተወሰነ ሚዛን እንዲገናኙለት ይፈልጋል፤ ይህም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ነው። ምዕራፉ በሙሉ የሚያወራው ስለዚህ ሚዛን መናጋት ስለሆነ፣ አንባቢው በሐሳቡ የናፍጣ ሞተር ይዞ ከተነሣ የሚቀጥለው ሁሉ ይምታታበታል። በዚህ ላይ አሜሪካኖች ቤንዚንን የሚጠሩበት «ጋስ» በትርጉሙ «ጋዝ» ሆኖ ገብቷል። ለአማርኛ ተናጋሪ ጋዝ በፋኖስና በምድጃ የሚነደው ላምባ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ለነዳጅ መብዛትና ማነስ የተሰጡት ስያሜዎች ናቸው። ረቂቁ «ሪች» የሚለውን «ሀብታም ድብልቅ»፣ «ሊን» የሚለውን ደግሞ «ከሲታ ድብልቅ» ብሏቸዋል። እዚህ ላይ ተርጓሚው የወሰዱት የእንግሊዝኛውን ሐሳብ ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ዘይቤ ነው። ዘይቤው ራሱ በእንግሊዝኛ እንኳ የተጣመረ አይደለም፤ አንዱ ቃል ከሀብት፣ ሌላው ከሥጋ የተወሰደ ነው። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ «ሀብታም» ያሉትን «ድሃ» ብለው ያጣምዱታል፤ ጀርመንኛ «ስብ» ያለውን «ከሲታ» ብሎ ያጣምዳል። እያንዳንዱ ቋንቋ በገዛ መንገዱ ከሄደ፣ አማርኛ እርስ በርሳቸው የማይቃረኑ ሁለት ቃላትን ከእንግሊዝኛ የሚዋስበት ግዴታ የለበትም።

ከዚህም የሚብሰው የስሜቱ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ሀብታም መሆን የሚመኙት ነገር ነው። ሞተሩ «ሀብታም» ሆነ የተባለ ሠልጣኝ ጉልበቱ የበረታ፣ ያማረበት ሞተር ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ብልሽት ነው። ካንዴላውን ደረቅ ጥቀርሻ ይሸፍነዋል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ያልነደደው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን አጥቦ ወደ ታች በመውረድ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ በጭስ መውጫው ላይ የሚገኘውን የጭስ ማጣሪያም ከመጠን በላይ አግሎ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ «ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ» እና «ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ» ቢባል ይመረጣል። ይረዝማል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይገባኛል። ነገር ግን የሐረጉ ግሥ በነፃ ይረባል፤ «በዝቶበታል»፣ «ይበዛበታል»፣ «እንዳይበዛበት» ለማለት ይቻላል። «ሀብታም» ግን «ነው»ን እየጠበቀ ባለበት የሚቆም ቅጽል ነው።

የግሡ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ከምዕራፉ እምብርት ላይ ነው። በጭስ መውጫው ቱቦ ላይ የተተከለው የኦክስጂን ዳሳሽ የሚለካው ነዳጅን አይደለም፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጂን ነው። በተለመደው ዓይነት ዳሳሽ ኦክስጂኑ ሲያንስ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ኮምፒዩተሩም የመጀመሪያውን «ነዳጅ በዝቷል»፣ ሁለተኛውን «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይተረጉመዋል። እንግዲህ ከዳሳሹ በፊት ቱቦው ተሰንጥቆ የውጭ አየር ቢያስገባ፣ ወይም አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ቀርቶ ያልነደደው ድብልቅ ከነኦክስጂኑ ቢወጣ፣ ዳሳሹ ነዳጅ አንሷል ይላል፤ ኮምፒዩተሩም አምኖት ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩ በእርግጥ ነዳጅ ይበዛበታል። እንግሊዝኛው የሞተሩን ሁኔታና የዳሳሹን ንባብ በሁለት የተለያዩ ግሦች ይገልጻል። ረቂቁ ሁለቱንም በ«ነው» ስላሰረ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ድብልቁ ሀብታምም ከሲታም ሆኖ ይገኛል። ሠልጣኙም ግራ ሲገባው ዳሳሹን ለውጦ ያርፋል፤ ዳሳሹ ግን ያየውን ከመናገር በቀር ጥፋት አልነበረበትም።

ለዚህ ችግር አማርኛ በእጁ ላይ መፍትሔ አለው። «ነዳጅ በዝቶበታል» የሞተሩ ሁኔታ ነው፤ «ነዳጅ በዝቷል ይላል» የዳሳሹ ቃል ነው። «አለ» የሚለው ግሥ ነገሩን በተናጋሪው ላይ ጥሎ ጸሐፊውን ከኃላፊነት የሚያድን ነው። እማኝነትንና እውነትን መለየት በችሎት የኖረ ልማዳችን ሆኖ ሳለ፣ በጋራዥ የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው እንቅፋት ኮምፒዩተሩ ነዳጁን የሚያስተካክልበት መጠን ስያሜ ነው። ረቂቁ «መከርከም» ካለው በኋላ «አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» በሚሉ ቅጽሎች ለይቶታል። መከርከም መቀነስ ብቻ ስለሆነ «አዎንታዊ መከርከም» ቆርጦ መቀጠል ይሆናል። «አሉታዊ»ም በዛሬው አነጋገር መጥፎ ማለት እየሆነ መጥቷል። «የነዳጅ እርማት» ብሎ «ጭማሪ እርማት» እና «ቅናሽ እርማት» በማለት መክፈል የተሻለ ነው። እነዚህ ቃላት የብልሽት ልየታው መሠረት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ ላይ በዋሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ኮምፒዩተሩ «ፒ 0172» የሚለውን ምልክት ሲመዘግብ፣ ነዳጅ እየቀነሰ ቆይቶ መቀነስ ከሚችልበት ወሰን ደርሷል ማለት ነው። እንግዲያው ጥቁር ጭስ ከቅናሽ እርማት ጋር ከታየ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ከፍ ያለ የነዳጅ ግፊት ይፈለጋል። ጥቁር ጭስ ከጭማሪ እርማት ጋር ከታየ ግን ኮምፒዩተሩ ተታሏልና የተሰነጠቀው ቱቦ ወይም ያልተኮሰው ካንዴላ ይፈለጋል። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት በዚህ አንድ ቃል ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የግፊት መቆጣጠሪያው ሽፋን ሲቀደድ ቤንዚን በቫክዩም ቱቦው በኩል ወደ ሞተሩ ይሳባል፤ መመሪያውም ቱቦው ተነቅሎ እንዲታይ ያዝዛል። ረቂቁ ቱቦውን «ባዶ ቱቦ» ስላለው፣ ሠልጣኙ በባዶው ውስጥ ነዳጅ እንዲፈልግ ታዟል። በአንጻሩ ካንዴላን «ብልጭታ ሰኪ» ማለት አላስፈላጊ ድካም ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ፖምፓ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራ ካለፈም በኋላ በባለሙያው አፍ ጸንተው አማርኛ ሆነዋል። ደረቁን ጥላሸት «ጥቀርሻ» ብሎ በዘይት ከረጠበው ጥቁረት መለየቱ ግን የረቂቁ ምስጉን ሥራ ነው፤ የእናቶቻችን ማድቤት የሰጠን ቃል በትክክለኛው ቦታ ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አንድ ሐሳብ ነው። የስያሜ ዝርዝር ሁለት ዓምድ አይበቃውም፤ ቃሉ ከነግሡ ተጽፎ የሚታይበት ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል። በዚያ ዓምድ ውስጥ «ሀብታም ነው» እና «ሀብታም ነው ይላል» ጎን ለጎን ቢጻፉ ኖሮ፣ ተርጓሚው ስሕተቱን ከማንም ቀድመው ባዩት ነበር። ከዚያም በኋላ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ለአንድ ባለሙያ ጮክ ተብሎ ይነበብለት፤ እጁ ወደ ትክክለኛው ዕቃ ከሄደ ቃሉ ሠርቷል፤ ካልሄደ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።