በባሮ ዳርቻ ስለ ሌላው የሚናገር ሰው፤ በኑዌርና በአኝዋክ ሙግት ላይ የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

የጥብቅና ታሪክ በተነሣ ቁጥር በምሳሌነት የሚጠቀሱት ሊንከንስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕልና ግሬይስ ኢን የተባሉት አራቱ የለንደን የጠበቆች ማኅበሮች ናቸው። በእነዚህ ማኅበሮች የሕግ ተማሪ ሙያውን የሚቀስመው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ በአዳራሹ ከአዛውንት ጠበቆች ጋር ማዕድ እየተካፈለ፣ በልምምድ ሙግት እየተከራከረ፣ የንግግርን ወግና የሙያን ክብር እያየ ይለምድ ነበር። ከዚህ ምሳሌ የተነሣ ተመራማሪ፣ ማኅበርና መዝገብ የሌለውን ሕዝብ ጥብቅና የለውም ወደ ማለት በቀላሉ ያዘነብላል። በባሮ ወንዝ ዳርቻ ስለሚኖሩት ኑዌሮችና አኝዋኮች የተጻፉት ታላላቅ ጥናቶችም ከዚህ ዝንባሌ ፈጽመው የጸዱ አይደሉም።

በደጋው አገር ጉዳዩ ግልጽ ነው። «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» የሚባለው ሙግት ማኅበር ባይኖረውም ሥርዓት ነበረው። ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔያዊ አነጋገር ያስረዳል፤ መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። አንደበቱ የደከመ ሰው ነገር አዋቂ ያቆማል። «ጠበቃ» የሚለው ቃል ራሱ ከመጠበቅ የወጣ ነው፤ ነገሩ እንዳይበላበት የሌላውን ሰው ቃል የሚጠብቅ ማለት ነው። የሙያው ምዝገባ በደንብ የተወሰነው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የጠበቆች መመዝገቢያ ደንብ ነው። እንግዲህ ሥራው ከማኅበሩ ይቀድማል። ይህ በደጋው የታወቀ እውነት በባሮ ዳርቻም ሊፈተሽ ይገባዋል።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተሙት «ኑዌር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በጥብቅ ትርጉም ከተወሰደ ኑዌሮች ሕግ የላቸውም ብለዋል። ምክንያታቸውም ፍርድን የሚሰጥና በኃይል የሚያስፈጽም ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው። ትርጉሙን ለተቀበለ ሰው መደምደሚያው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ገጾች ከመደምደሚያው ይልቅ ባለጸጋ ናቸው። ነፍስ ያጠፋ ሰው «ኩዋር ሙዎን»፣ ማለት የምድር አለቃ፣ ወደሚባለው የነብር ቆዳ ለባሽ ቤት ይሸሻል፤ ክንዱ ተበጥቶ ደሙ እስኪፈስ ድረስ እህልም ውኃም አይቀምስም። የነብር ቆዳ ለባሹም የገዳዩ ወገኖች ያሏቸውን ከብቶች ይመረምራል፤ ከዚያም ወደ ሟች ወገኖች ሄዶ ካሣ እንዲቀበሉ ይለምናል። እነርሱም በመጀመሪያ እምቢ ይላሉ፤ እምቢታው የክብር ግዴታ ነውና። እርሱ ልመናውን እስከ እርግማን ዛቻ ሲያደርሰው፣ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ እርሱ ክብር ብለው የተሸነፉ መስለው ይቀበላሉ።

ይህን ሰው ዳኛ ማለት አይቻልም፤ አይፈርድምና። በለንደኑ አኳኋን ጠበቃ ማለትም አይቻልም፤ ለአንድ ወገን ብቻ አይቆምምና። ይሁን እንጂ አንዱ ወገን በራሱ አፍ ሊናገረው የማይችለውን ቃል ይናገርለታል፤ ሌላው ወገን ያለ ኀፍረት እንዲያፈገፍግ መንገድ ይከፍትለታል። ብዙ ጊዜ የአካባቢው ገናና ጎሣ ተወላጅ አለመሆኑም ለዚህ ሥራ ያመቸዋል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይህን ሁሉ አይተው ጽፈዋል፤ ነገር ግን ሥልጣንን ሲፈልጉ የንግግርን ሙያ ከሕግ ሚዛን ውጭ አስቀሩት። በተጨማሪም ምርመራቸው በአብዛኛው በሱዳን ወገን የተደረገ ስለ ሆነ፣ በባሮ ላይ የሚኖሩትን የምሥራቅ ጂካኞች ሁኔታ ሁሉ ይገልጣል ብሎ መውሰድ አይገባም።

በሱዳን አስተዳዳሪ የነበሩት ሃዌል እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጡት የኑዌር ሕግ መድብል ተቃራኒውን መንገድ ይዘዋል። ለእርሳቸው ኑዌሮች ሕግ አላቸው፤ የደም ካሣው፣ የጋብቻው ከብት፣ የአካል ጉዳቱ ዋጋ በተራ ተዘርዝሯል። የመጽሐፉ ጥቅም የማይካድ ነው። ጉድለቱ ግን መንግሥት ባቋቋማቸው የአለቆች ችሎቶች መነጽር መታየቱ ነው። በድርድር ከፍ ዝቅ ይል የነበረው የከብት ቁጥር በመዝገብ ሲሰፍር ዋጋ ተመን ይሆናል፤ ተመን ከሆነ ዘንድ ተከራካሪውን አንደበት ብዙ አይፈልግም። አንደኛው ደራሲ ሥልጣን ስላጣ ሕግ የለም አለ፤ ሁለተኛው ሥልጣን ስላገኘ ሕጉን ጻፈ። በሁለቱም ዘንድ ዓይን ያረፈው በፍጻሜው ላይ ነው።

ለአኝዋክ ያለው ጥናት በዚህ ረገድ ይሻላል። ሊንሃርት እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ስለ መንደር አለቆች በጻፉት ጽሑፍ፣ «ክዋሮ» የሚባለው አለቃ በግብዣው፣ በቸርነቱና በአደባባዩ ወግ እንደሚከበር፣ ሕዝቡም ሲጠላው በ«አጌም» ዐመፅ እንደሚሽረው አሳይተዋል። በአለቃው ፊት ጎንበስ ብሎ መቅረብና ቃልን መርጦ መናገር ከሥርዓቱ ክፍል ነው። በዚህ አደባባይ ያደገ ወጣት፣ ማዕድ ሲቀርብና ነገር ሲነሣ እየሰማ፣ ለንደኖች በአዳራሻቸው ይፈልጉት የነበረውን ትምህርት በከፊል አግኝቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳሩ ግን ይህ የአንደበት ሙያ ብቻውን አልቀረም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በባሮ ላይ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ ጋምቤላም ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ የውጭ አስተዳደር ያለባት ወደብ ሆነች። ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 እርሱ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዳዊ ደንቦች ሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በባህላዊ ሕግ መዳኘትን ሲፈቅድ፣ የነፍስ ግድያ ከዚህ ውጭ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ላይ ነው። ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ኑዌሮች በጦር የተገደለውንና በጥይት የተገደለውን ለይተው እንዴት እንደ ተከራከሩ፣ የደም ርኩሰት ትርጉምም በጠመንጃ ዘመን እንዴት እንደ ተለዋወጠ አሳይተዋል። እንግዲህ ልማዱ የቆመ ድንጋይ አይደለም፤ በክርክር የሚታደስ ነው። ገዳዩን ወህኒ የሚያስገባ ፍርድ መንግሥትን ያረካል፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ደም ግን አያጥብም፤ ከብቱ ካልተከፈለና ዕርቁ ካልተፈጸመ ቂሙ ለልጅ ይተርፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነም፣ በኑዌርኛ ወይም በአኝዋክኛ የሚያስብ ተከሳሽ ቃሉ በአስተርጓሚ ያልፋል፤ አስተርጓሚውም ሳይሾምና ሳይማል ግማሽ ጠበቃ ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ለፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ ይህም በጎ ነው። ነገር ግን የባሮ ዳርቻ ነገር አዋቂዎች የሙያው ቅድመ ታሪክ ብቻ ተደርገው ከታለፉ፣ የጠበቃው ችሎታ በችሎቱ ደጃፍ ላይ ያበቃል። ወደፊት ለሚጠና ሁሉ የሚቀረው ሥራ የካሣን ቁጥር መሰብሰብ አይደለም፤ ማን ስለ ማን እንደ ተናገረ፣ በየትኛው ቃል እንደ ጀመረ፣ እምቢታው በየትኛው ቃል እንደ ተሰበረ በየቋንቋው መመዝገብ ነው። ይህ ሳይመዘገብ ሕግ አላቸው ወይስ የላቸውም ብሎ መከራከር፣ ምስክሩን ሳይሰሙ ፍርድ መስጠት ይሆናል።